ሦስት ልጆቿን ቀብራ የተነሣችው እናት



ባለፈው ስብሰባችን የወሩ ቁጠባ ተቆጥሮ፣ መዝገቡ ተዘግቶ፣ ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ አንዲት እህታችን ስኒዋን አስቀመጠችና የልቧን ነገረችን። ልጇን ከቀበረች ወዲህ ጠዋት ትነሣለች፤ እሳት ታነዳለች፤ ቤት ትጠርጋለች። ለምን እንደምትነሣ ግን አታውቅም። ይህንኑ ተናግራ ዝም አለች።

እኛም የለመድነውን አልን። ክርስቲያኖቹ እግዜር ያጽናሽ አልናት፤ ሙስሊሞቹ አላህ ሰብሩን ይስጥሽ አልናት፤ ጊዜ ያስረሳል ያልናትም አለን። እሷ አንገቷን ደፍታ አመሰገነችን። ይህን ሁሉ ግን በለቅሶው ድንኳን ሰምታዋለች፤ በአርባው ሰምታዋለች። ቃላችን ሐሰት አልነበረም፤ የእሷ ጥያቄ ግን ሌላ ነበር። ኀዘኑ መቼ እንደሚያልፍ አልነበረም የጠየቀችው። ከእንግዲህ የምኖረው ለምንድን ነው ነው ያለችው።

ከመካከላችን አንዲት እናት ይህን ሲሰሙ የቅድስት ወለተ ጴጥሮስን ገድል አስታወሱን። በዚያው ሰሞን ማታ ማታ እየተሰበሰብን ሕይወቷን ተራ በተራ አነበብን፤ ማንበብ ላልተማርነውም ተነበበልን። ለዚህ ወር ጽሑፋችንም ይህችኑ እናት መርጠናል። ከሲሪንቃ እስከ ጣና ሐይቅ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ዘመኑም ከአራት መቶ ዓመት በላይ ያለፈው ነው። ታሪኳ ግን ከእኛ ጓዳ የራቀ ሆኖ አላገኘነውም።

ወለተ ጴጥሮስ የተወለደችው በ1592 እ.ኤ.አ. ነው። ስሟ የጴጥሮስ ልጅ ማለት ነው። አባቷ ባሕር ሰገድ፣ እናቷ ክርስቶስ ዕበያ ይባላሉ፤ በደዋሮና በፈጠጋር የታወቀ ትልቅ ቤት ነበር። ያደገችው ምንም ሳይጎድልባት ነው። ለአካለ መጠን ስትደርስ ወላጆቿ መልክአ ክርስቶስ ለሚባል የዐፄ ሱስንዮስ የጦር አዛዥ ዳሯት። ባሏ በንጉሡ ዘንድ የተሰማ ሰው ነበር። እልፍኝ፣ አሽከር፣ ልብስ፣ ወርቅ፣ ሁሉም ነበራት። አንዳንዶቻችን ችግራችን ሁሉ ከማጣት የሚመጣ ይመስለናል። እሷ ግን ያጣችው ነገር ሳይኖር ነው ያ ሁሉ የደረሰባት።

ሦስት ጊዜ ፀነሰች፤ ሦስት ጊዜ ወለደች፤ ሦስቱም ሕፃናት ሞቱባት። ገድሏ እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር ይነግረናል። በፀነሰች ቁጥር፣ የሚወለደው ልጅ እግዚአብሔርን ደስ የሚያሰኝ ከሆነ እንዲያድግላት፣ ካልሆነ ግን ፈጥኖ እንዲወሰድ ትለምን ነበር። ይህ ሲነበብ ቤቱ ጸጥ አለ። ልጅ የሞተባት እናት ይህን ሰምታ ምን ትላለች? አንዳንዶቻችን እንዲህ ያለ ጸሎት ከአፋችን እንደማይወጣ ተናገርን። ሌሎቻችን ደግሞ የእናት ልብ ከእንዲህ ያለ ስብራት በኋላ የሞተው ልጅ በከንቱ አልሞተም ለማለት የማይፈነቅለው ድንጋይ የለም አልን። አልተስማማንም፤ እንዳልተስማማን ተውነው።

ከዚያ በኋላ ያ የሞላ ቤት ለእሷ ባዶ ሆነ። ቀን እንግዳ ታስተናግዳለች፤ ሌሊት ቆማ ትጸልያለች። ትጾማለች፤ ድሆችን ታበላለች፤ ካህናትን ትጋብዛለች። ውስጧ ግን ወጥቷል። የዚህን ዓለም ነገር ትታ ለእግዚአብሔር ብቻ ልትኖር ቆርጣ ነበር፤ ጊዜ ስትጠብቅ ቆየች።

አንድ ቀን ባሏ ዘመቻ በሄደበት፣ መነኮሳት ረድተዋት በሌሊት ከቤቷ ወጣች። ባሏ ይህን ሲሰማ ወታደሮቹን አስከትሎ ፍለጋ ወጣ፤ ተደብቃበታለች የተባለውን አገር ከበበና አስዘረፈ። ምንም ያላጠፋ ሰው ከብቱን፣ እህሉን፣ ልብሱን ተነጠቀ። ወለተ ጴጥሮስ በእሷ ምክንያት ድሃ ማልቀሱን ስትሰማ ተመለሰች። ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አስነብበናል። ከሁሉ አብልጣ የፈለገችውን ነገር በእጇ ካስገባች በኋላ፣ ዋጋውን ሌላ ሰው እየከፈለ መሆኑን ስታይ ለቀቀችው። ቅድስናዋ የጀመረው ከዚህ ነው ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

በዚያ ዘመን አገሩ በሃይማኖት ተናውጦ ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ ከፖርቱጋልና ከስፔን የመጡትን የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት እየሰማ ወደ ሮም እምነት አዘነበለ። በ1622 እ.ኤ.አ. ደግሞ ካቶሊክነቱን በይፋ ገለጠ። ከዚያ አስቀድሞ፣ በ1617 እ.ኤ.አ.፣ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ የነበሩት አቡነ ስምዖን ንጉሡን ከተቃወሙት ጋር ቆመው በጦር ሜዳ ተገደሉ። የወለተ ጴጥሮስ ባል ከንጉሡ ጦር ጋር ነበር። ከዘመቻ ሲመለስ የጳጳሱ ልብስ ከምርኮው ጋር እጁ መግባቱን ሰማች።

ከዚህ በኋላ ከዚያ ሰው ጋር በአንድ ማዕድ መቅረብ አልቻለችም። ጌጧን አወለቀች። መብል ተወች፤ ሰውነቷ ከሳ። ባሏም መጨረሻው ሞቷ እንደሆነ ሲያይ ለቀቃት። መልክአ ክርስቶስ ይወዳት እንደነበር ከገድሉ እንረዳለን፤ ክፉ ባል ስለነበረ ተለየችው ብለን ነገሩን ልናቀለው አንችልም። የምትወደንንና የምንወደውን ቤት ለእውነት ሲባል መተው ካለ፣ የእሷ እንደዚያ ነበር።

ወደ ጣና አካባቢ ሄዳ ፀጉሯን ተላጭታ መነኮሰች። በዚያም እኅተ ክርስቶስ ከምትባል መነኩሲት ጋር ተገናኘች። እኅተ ክርስቶስም ባሏን ትታ የመጣች ነበረች፤ ሴት ልጇንም ጥላ ነው የወጣችው። አንድ መነኩሴ ሁለቱን አገናኛቸው። ገድሉ እንደሚለው ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምረው ዘመናቸውን ሁሉ እንደሚተዋወቁ ሰዎች ሆኑ፤ እስከ ሞትም አብረው ኖሩ። የአንዷ ኀዘን ሌላዋ ዘንድ ማረፊያ አገኘ። ሰው ኀዘኑን ብቻውን መሸከም እንደማይሆንለት ለእኛ ለሲሪንቃ ሴቶች ማንም አይነግረንም፤ ድንኳን ተካይ፣ ንፍሮ ቀቃይ፣ አልቃሽ እኛው ነን። ነገር ግን ለቅሶው ካለፈ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲበተን የምትቀር አንዲት እኅተ ክርስቶስ ታስፈልጋለች።

ያቺ በአሽከር የምትገለገል እመቤት ከዚያ ወዲያ ወፍጮ ላይ ተቀመጠች። እህል ፈጨች፤ ውኃ ቀዳች፤ እንጨት ለቀመች፤ ከአገልጋዮች ጋር ድንጋይ ተሸከመች። እጇ ለዚህ የተፈጠረ አልነበረም። እኛ ይህን ሥራ ከልጅነታችን ስለምናውቀው ክብር ያለው አይመስለንም። እሷ ግን ያጣችውን ሕይወት የጀመረችው ከዚህ ነው። እልፍኝ ውስጥ ሳለች ሌሊቱን ሙሉ ብትጸልይም ዕረፍት አላገኘችም ነበር። ወፍጮ ላይ ስትቀመጥ ጸሎቷ ከሌሎች እንጀራ ጋር ተገናኘ።

ንጉሡ እምነቱን በአገሩ ሁሉ ላይ ሲጭን ዝም አላለችም። እየዞረች ሕዝቡ የአባቶቹን ሃይማኖት እንዳይተው ታስተምር ጀመር። ነገሩ ንጉሡ ጆሮ ደርሶ ለፍርድ ተጠራች። በዚያ የቆሙት ዳኞችና መኳንንት ብዙዎቹ የሚያውቋት፣ ዘመዶቿም ነበሩ። ለማስመሰል ያህል አንዲት ቃል ብትናገር ወደ ቤቷ ትሄድ ነበር። አልተናገረችም። በ1625 እ.ኤ.አ. ከሮም ተሾሞ የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ራሱ ሊያሳምናት እንደ ደከመ ገድሏ ይተርካል። እንቢ ባለች ጊዜ በምዕራብ በኩል በሱዳን ጠረፍ አጠገብ ወዳለው ዠበይ ወደሚባል በረሃ አጋዟት።

እዚህ ላይ አንድ ቃል እንጨምር። የዚያን ዘመን ጠብ የምናነሣው ዛሬ ካቶሊክ የሆኑትን ወገኖቻችንን ለመንካት አይደለም። እሷ የታገለችው ጎረቤቷ ሌላ እምነት ስለያዘ አይደለም፤ እምነት በጦርና በዐዋጅ ሲጫን ነው። ክርስቲያንና ሙስሊም አብረን በምንቆጥብበት፣ አብረን በምንቀብርበት በወሎ ምድር ይህን መለየት አያቅተንም።

በዠበይ ሦስት ዓመት ቆየች። አገሩ ቆላ ነው፤ ሙቀቱ የከበደ፣ በሽታው የበዛ ነው። ስትሄድ ከእሷ ጋር የነበሩት ጥቂት ነበሩ። ንጉሡ ያሰበው በዚያ በረሃ ተረስታ እንድትቀር ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ሃይማኖታቸውን ላለመተው የሸሹ ሰዎች የት እንዳለች እየጠየቁ መጡ። አንዱ ሲመጣ ሌላው ይከተላል፤ ሴቱም ወንዱም መጣ። የመጀመሪያው ማኅበሯ የተመሠረተው በግዞት አገር ነው።

ሰው ሲበዛባት ፈራች። ገድሉ እንደሚናገረው፣ እግዚአብሔር ብዙ ነፍሳትን እንድትጠብቅ አደራ ሲሰጣት አልችልም ብላ ለመነች። የራሷን ነፍስ ማዳን ያቃታት ሆኖ ሳለ የሌላውን እንዴት እንደምትሸከም አልታያትም። በመጨረሻ ግን አደራውን ተቀበለች። ሦስት ልጆቿን በሞት የተነጠቀችው ሴት የብዙዎች እናት ሆነች። ልጆቿ አልተመለሱላትም፤ ለምን እንደሞቱም ማንም አልነገራትም። የተሰጣት መልስ አልነበረም፤ የምትመግባቸው ሰዎች ነበሩ።

ለእህታችን ጥያቄ ያገኘነው ይህንን ነው። እስከ ዛሬ ትርጉም ያለው ሕይወት ማለት ለደረሰብን ነገር ሁሉ ምክንያቱን ማወቅ ይመስለን ነበር። ወለተ ጴጥሮስ ምክንያቱን ሳታውቅ ኖረች። እምነቷ የሰጣት ያለ መልስ የምትቆምበት እግር ነው፤ ከዚያም የምትዘረጋው እጅ።

ከግዞት ተፈትታ ወደ ጣና ስትመለስ ተከታዮቿ አብረዋት መጡ። በአገሩ ጦርነቱ ገና አልቆመም ነበር። ከእኛ ተራራ ማዶ ከላስታ የተነሣው ሕዝብ ንጉሡን አስጨንቆት ነበር፤ የመሪያቸው ስም እንደ ወለተ ጴጥሮስ ባል መልክአ ክርስቶስ መሆኑ የሚያስገርም ግጥምጥም ነው። በ1632 እ.ኤ.አ. በተደረገው ጦርነት ብዙ ሺህ ገበሬ አለቀ። ንጉሡ ድል አደረገ፤ ያሸነፈው ግን የገዛ ሕዝቡን ነበር። በዚያው ዓመት የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐዋጅ አስነገረና ዙፋኑን ለልጁ ለዐፄ ፋሲለደስ ለቀቀ።

ስደቱ ሲያበቃ ብዙ ሰው ትግሉ ተፈጸመ ብሎ ወደ ቤቱ ገባ። የእሷ ሥራ ግን ያኔ ነው የሰፋው። በሕይወት ዘመኗ ሰባት ማኅበራት እንደመሠረተች ይነገራል፤ ከዠበይ ሌላ በጫንቋ፣ በምጽሌ፣ በዘጌ፣ በአፈር ፈረስና በሌሎችም ቦታዎች። በእነዚህ ማኅበራት ወንዶችም ሴቶችም ነበሩባቸው፤ ከመሳፍንት ቤት የመጣችውና ከድሃ ቤት የመጣችው አንድ ማዕድ ይቀርቡ ነበር። ማንም ይህ የእኔ ነው የሚለው ገንዘብ አልነበረውም፤ የተገኘው ለሁሉም ይከፈላል። የታመመ ይጠየቃል፤ ያረጀ ይጦራል። በሽታ ገብቶ ከማኅበሯ ብዙዎች የሞቱባት ጊዜ ነበር። ለዳግመኛ ጊዜ ልጆቿን ቀበረች ማለት ነው። የቀሩትን ይዛ ወደ ሌላ ቦታ ሄዳ ዳግም ጎጆ ቀለሰች።

ይህን ስናነብ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ በአካባቢያችን ያለፈበትን ጊዜ አስታወስን። ገበያ ቆሞ፣ መንገድ ተዘግቶ፣ ወፍጮ ጠፍቶ ነበር። ያን ጊዜ አንድ ጣሳ ማሽላ ያላት ግማሹን ለጎረቤቷ ሰጥታለች። ቆሎ ቆልተን በእፍኝ ተካፍለናል። ክርስቲያኗ ሙስሊሟ ቤት፣ ሙስሊሟ ክርስቲያኗ ቤት ተደብቃ አድራለች። ያኔ ለምን እንደምንኖር የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ የሚያስፈልገን ሰውና የሚፈልገን ሰው ፊት ለፊታችን ነበርና። ጥያቄው የመጣው ሰላም ሲሆን፣ እያንዳንዳችን በራችንን ስንዘጋ ነው።

ወለተ ጴጥሮስ ሦስት ወር ያህል ታምማ በ1642 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም.፣ በ50 ዓመቷ አረፈች። በጣና ሐይቅ በምትገኘው በሬማ ደሴት ተቀበረች። ማኅበሯን እኅተ ክርስቶስ ተረክባ በ1649 እ.ኤ.አ. እስክትሞት መራች። በሐይቁ ምሥራቅ ዳርቻ በቆራጣ በስሟ ገዳም ተተከለ፤ ከነገሥታት ቁጣ የሸሸ ሰው የሚማጸንበት ቦታ ሆኖም ኖረ። ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1672 እ.ኤ.አ.፣ ገላውዴዎስ የሚባል መነኩሴ የሚያውቋትን ሰዎች እየጠየቀ ገድሏን በግእዝ ጻፈ። በ2015 እ.ኤ.አ. ገድሏ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ዓለም አነበበው። ዝክሯ በየዓመቱ ኅዳር 17 ይታሰባል።

እህቶቻችን፣ ከዚህ ሕይወት ምን እንውሰድ ስንባባል ተከራክረናል። ቤታችንን ትተን ገዳም እንግባ የሚል አልወጣም። እኛ የምናሳድጋቸው ልጆች፣ የምንጦራቸው ወላጆች፣ የምንከፍለው ብድር አለብን። እኅተ ክርስቶስ ጥላት የመጣችው ሴት ልጅ ነገርም ልባችንን ነክቶናል፤ የመለየት ዋጋ የሚከፈለው በሄደችው ብቻ አይደለም። ሙስሊም እህቶቻችን ደግሞ ታሪኩን በራሳቸው መንገድ ሰምተውታል። አንደኛዋ፣ ሰው የተፈጠረው ፈጣሪውን ሊገዛና ለባሮቹ ሊጠቅም ነው የሚለው በእነሱም ዘንድ ያለ ትምህርት መሆኑን ነገረችን። እኛ ክርስቲያኖቹ በክርስቶስ የምናየውን፣ ራሱን ለሌላው የሰጠውን ፍቅር፣ በዚህች እናት ኑሮ ተተርጉሞ አየነው። ስብከት ሰምተን የምናውቀውን ነገር ወፍጮ ላይ ተቀምጦ አገኘነው።

ያቺ እህታችን ታሪኩ ተነቦ ሲያልቅ ብዙ አልተናገረችም። ኀዘኗ ቀለለ ብለን አንዋሻችሁም። በሁለተኛው ሳምንት ግን ከመካከላችን አንዲት ወልዳ ነበርና አራስ ለመጠየቅ ተራ ስናወጣ እጇን አነሣች። ልጇን የቀበረች እናት አራስ ቤት መግባቷ ምን ያህል እንደሚከብድ ስለገባን ሌላ ተራ ልንሰጣት ፈለግን። እንቢ አለች። ገንፎውን ራሷ አገንፍታ፣ ቅቤውን ራሷ አንጥራ ሄደች። ሕፃኑንም ታቅፋ አልቅሳ፣ እናቲቱ እስክትተኛ ድረስ እሹሩሩ ስትል አምሽታ ተመለሰች። በማግሥቱም ሄደች፤ አሁንም ትሄዳለች።

ለማኅበራችንም አንድ ነገር ወስነናል። ከእንግዲህ ኀዘን ለደረሰባት እህት ከዕድሩ ገንዘብ ሌላ፣ አርባው ካለፈ በኋላ ለስድስት ወር የምትጠይቃት አንዲት እህት እንመድባለን። መጠየቅ ስንል ሄዶ ቡና መጠጣት ብቻ አይደለም። አብራት የምትፈትል፣ አብራት ውኃ የምትቀዳ፣ ከቻለችም ሌላ ሰው ለመርዳት አብራት ይዛት የምትወጣ ማለታችን ነው። ለዚህ ፈቃደኛ የሆናችሁ እህቶች በሚቀጥለው የቁጠባ ቀን ስማችሁን ለጸሐፊያችን አስመዝግቡ።

የእናታችን የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ በረከት ይድረሰን። ለሁላችንም፣ ክርስቲያን ሙስሊም ሳይል፣ ጠዋት የሚያስነሣን ሥራና የሚጠብቀን ሰው አይጥፋብን። ለከርሞ በጤና ያገናኘን፤ አሜን።